ተሰሎንቄ የቀረው ቤት

ሐዋርያው ጳውሎስ ሁለት መልእክት የጻፈላት ተሰሎንቄ ዛሬም በስሙ የተሰየመ ጎዳና አላት። ሮቶንዳ ከሚባለው ጥንታዊ የሮማውያን ክብ ሕንፃ በላይ፣ ወደ አሮጌው ላይኛ ከተማ የሚያወጣ ጎዳና ነው። እዚያ ቁጥር 17 ላይ፣ ከቱርክ ቆንስላ ጋር ግቢ የሚጋራ ባለ ሦስት ደርብ ሮዝ ቤት ቆሟል። የቱርክ ሪፐብሊክ መሥራች ሙስጠፋ ከማል አታቱርክ ያደገው በዚህ ቤት ነው፤ ይፋው ትረካ ተወልዶበታልም ይላል። ከቱርክ የሚመጣ መንገደኛ ተሰሎንቄ ሲደርስ ባሕሩንና ነጩን ግንብ ከማየቱ በፊት ይህን ቤት ይጠይቃል።

ስለ ልጁ መጽሐፍ ሞልቷል። እኔን የሚስበኝ ልጁ ከሄደ በኋላ በቤቱ ላይ የሆነውና በቤቱ ስም የተደረገው ነው። አንድ ጊዜ ለእርቅ ገጸ በረከት ሆኖ ተሰጥቷል፤ ሌላ ጊዜ በስሙ ሌላ ከተማ ተቃጥሏል። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ የተሠራው ከ1870 በፊት ነው። ተሰሎንቄ ያኔ ሴላኒክ ትባላለች፤ ኦቶማኖች ከያዟት ከ1430 ጀምሮ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ከተማይቱ የቱርክ ናት ቢባልም በቁጥር የሚበልጡት በ1492 ከስፔን ተባርረው የመጡ አይሁድ ዘሮች ነበሩ። የስፔን ቋንቋቸውን ሳይጥሉ ይናገሩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የወደቡ ሥራ ይቆማል፤ ጫኝና አውራጁ አይሁዳዊ ነውና። ሙስሊሞቹ በላይኛው ከተማ ዳገት ላይ፣ ግሪኮቹ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ፣ አይሁዱ ወደ ባሕሩ ይኖራሉ። ቡልጋሩም አርመኑም አልባኒያዊውም አልጠፋም። የገበያ ልጅ አራት አምስት ቋንቋ ሳያውቅ አያድግም ነበር።

የሙስጠፋ አባት አሊ ሪዛ ኤፈንዲ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር። ጫካ ዳር በነበረ ኬላ ሲያገለግል የእንጨት ንግድ ትርፍ ታየውና ሥራውን ትቶ ነጋዴ ሆነ። ሽፍቶች ግን በጫካው ነግሠው ነበርና ንግዱን አከሰሩት። ሚስቱ ዙበይዳ ሐኒም ከእሱ በዕድሜ በጣም የምታንስ፣ ከገበሬ ቤተሰብ የመጣች፣ ሃይማኖቷን የምታጠብቅ ሴት ናት። ከወለደቻቸው ስድስት ልጆች ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሙስጠፋና ታናሽ እኅቱ መቅቡላ። ሙስጠፋ የተወለደው በ1881 ነው ይባላል፤ ቀኑን የመዘገበ ሰው የለም። ሥልጣን ላይ ከወጣ በኋላ የልደት ቀን ሲያስፈልገው ሜይ 19ን መረጠ። በ1919 የነጻነት ጦርነቱን ለመምራት ከመርከብ ወርዶ ሳምሱን የረገጠበት ቀን ነው። ይህን ቀን አንባቢ ይያዝልኝ።

በዚያ ቤት ውስጥ የተካሄደ አንድ ክርክር አለ፤ እሱ ራሱ በ1922 ለጋዜጠኛው አሕመድ ኤሚን ያወራው ነው። (ጋዜጠኛውም የተሰሎንቄ ልጅ ነበር።) ልጁ ለትምህርት ሲደርስ እናት በሰፈሩ የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ በዱዓና በመንዙማ ታጅቦ እንዲገባ ፈለገች። አባት ሸምሲ ኤፈንዲ የሚባል መምህር በአዲስ ዘዴ በከፈተው ትምህርት ቤት እንዲማር ፈለገ። ልጅን ለየኔታ ልስጥ ወይስ ለአስኳላ እያለ የተሟገተ የእኛ አገር ባልና ሚስት ይህን ክርክር በደንብ ያውቀዋል። አሊ ሪዛ በዘዴ ፈታው። ልጁ በእናቱ ወግ ታጅቦ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ገባ፤ እናት ደስ አላት፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ አባት አውጥቶ ሸምሲ ኤፈንዲ ዘንድ አስገባው። ልጁ በኋላ ኸሊፋነትን የሚሽር፣ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን የሚዘጋ፣ የአረብኛውን ፊደል በላቲን የሚተካ ሰው ሆነ። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ይህን ክርክር አንስተው የማይጠግቡት ለዚህ ነው። እኔ ግን አባትየው ሚስቱን ሳያስቀይም ያለፈበት መንገድ ይበልጥ ይገርመኛል፤ ልጁ ይህን ጠባይ ብዙም አልወረሰም።

ሙስጠፋ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው አባቱ ሞተ። ዙበይዳ ያን ትልቅ ቤት ይዛ ለመኖር አቅም አነሳት፤ አነስ ወዳለ ቤት ተዛወረች። ኋላም ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ወደሚያስተዳድረው የገጠር እርሻ ሄደች። የወደፊቱ የጦር አዛዥ ከእኅቱ ጋር ባቄላ ማሳ ላይ ቁራ ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ ዓለም የሚጎበኘው ቤት ልጁን ያስጠለለው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ትምህርት ፍለጋ ወደ ከተማ ተመልሶ አክስቱ ዘንድ ተቀመጠ። የጎረቤት ልጅ የለበሰው የወታደር ትምህርት ቤት ልብስ አስጎመጀውና ከእናቱ ተደብቆ ፈተና ተፈተነ፤ አለፈ። ስሙ ሙስጠፋ የሆነ የሒሳብ መምህሩ ሁለታችንን የሚለይ ይሁን ብሎ ከማል የሚል ስም ጨመረለት። እናቱ ሌላ ባል ስታገባ አኩርፎ ከቤት ወጣ። ቀጥሎ ሞናስቲር ወደሚገኘው ወታደራዊ ትምህርት ቤት፣ በ1899 ደግሞ ኢስታንቡል ወደሚገኘው የጦር አካዳሚ ሄደ። በ1907 መኮንን ሆኖ ወደ መቄዶንያ ጦር ሲመለስ ተሰሎንቄ የወጣት ቱርኮች ሴራ መናኸሪያ ሆና ነበር። በ1908 ሱልጣን አብዱልሐሚድን ሕገ መንግሥት እንዲመልስ ያስገደዱት እነዚህ መኮንኖች ናቸው። በ1909 ዙፋኑን ነጥቀው ያጋዙትም እዚያችው ተሰሎንቄ፣ አላቲኒ የሚባል የአይሁድ ነጋዴዎች ቪላ ውስጥ ነው።

የ1912ቱ የባልካን ጦርነት ሲፈነዳ ሙስጠፋ ከማል ሊቢያ በረሃ ላይ ጣልያንን ይዋጋ ነበር። ግሪኮች፣ ቡልጋሮች፣ ሰርቦችና ሞንቴኔግሮዎች በአንድ ላይ ተነሡ። ሐሰን ተሕሲን ፓሻ 25,000 ገደማ ወታደር ይዞ ሳለ ከተማይቱን ያለ ውጊያ ለግሪክ ጦር አስረከበ። ቀኑ ኖቬምበር 8 ነው፤ ግሪኮች ያኔ ይከተሉት በነበረው በአሮጌው አቆጣጠር ደግሞ የከተማይቱ ጠባቂ የቅዱስ ዲሚትሪዮስ በዓል ዕለት። የተጋዘውን ሱልጣን ከተማይቱ ከመውደቋ ጥቂት ቀደም ብሎ የጀርመን መርከብ ወደ ኢስታንቡል አሻገረው። ዙበይዳና መቅቡላ ግን ከስደተኛው ጋር ተቀላቅለው ወጡ። ሙስጠፋ ከማል በአውሮፓ ዞሮ ኢስታንቡል ሲደርስ እናቱን በስደተኞች መካከል አገኛትና በሺክታሽ ሰፈር ቤት ተከራየላት። ተሰሎንቄን ዳግመኛ አላያትም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በዚያው ጦርነት በስተ ምዕራብ ያኒና የምትባለውን ምሽግ ከታላቅ ወንድሙ ከእስአድ ፓሻ ጋር ሆኖ ሲከላከል የቆየ ወሂብ የሚባል መኮንን ነበር፤ እሱም የዚያው አገር ተወላጅ ነው። ትውልድ አገሩ ለግሪክ ሆነ፤ በኋላም ከሙስጠፋ ከማል ጋር ተቃቅሮ ከቱርክ ወጣና አገር ለአገር ዞረ። በ1935 ጣልያን ሲወረን ይኸው ወሂብ ፓሻ ኦጋዴን ላይ የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የጦር አማካሪ ሆኖ ምሽግ ያስቆፍር ነበር። የባልካን ውድቀት የበተናቸው የኦቶማን መኮንኖች የት ድረስ እንደ ደረሱ ያሳያል።

ወደ ቤቱ እንመለስ። በ1913 ግሪኮች የከተማይቱን ሕዝብ ሲቆጥሩ 157,889 ሰው ተገኘ። 61,439 አይሁድ፣ 45,867 ሙስሊም፣ 39,956 ግሪክ ነበሩ። አዲሱ ባለቤት በቁጥር ሦስተኛ ነበር ማለት ነው። በኦገስት 1917 ከአንድ ስደተኛ ቤት ማዕድ ቤት የተነሣ እሳት በነፋስ ታግዞ የታችኛውን ከተማ በላው፤ ከ70,000 በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ፤ ከሁሉ የተጎዱት አይሁድ ናቸው። ላይኛው ከተማ ተረፈ። የአሊ ሪዛ ቤትም ከተረፈው ወገን ነው።

እሳት ያልነካውን ውል ነካው። ትንሹን እስያ ለመያዝ የዘመተው የግሪክ ጦር በሙስጠፋ ከማል ጦር ከተባረረ በኋላ፣ በጃንዋሪ 30 ቀን 1923 ሎዛን ላይ ግሪክና ቱርክ ሕዝብ ሊለዋወጡ ተፈራረሙ። መለያው ሃይማኖት ነው፤ ቋንቋ አልተጠየቀም። ቱርክኛ እንጂ ግሪክኛ የማያውቅ የአናቶሊያ ክርስቲያን ግሪክ ነህ ተብሎ ተላከ፤ ግሪክኛ እንጂ ቱርክኛ የማያውቅ የቀርጤስ ሙስሊም ቱርክ ነህ ተብሎ ተላከ። ከሸሸውም ከተላከውም ተደምሮ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ክርስቲያን ወደ ግሪክ፣ 400,000 ገደማ ሙስሊም ወደ ቱርክ ገባ። የተሰሎንቄ ሙስሊሞች በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ወጥተው አለቁ። በለቀቁት በላይኛው ከተማ ቤቶች ከትንሹ እስያና ከጥቁር ባሕር ዳርቻ የተፈናቀሉ ግሪኮች ገቡ። የአሊ ሪዛ ቤትም በግሪክ ቤተሰብ እጅ ወደቀ። ዙበይዳ ይህን ሁሉ አላየችም፤ ውሉ ሊፈረም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኢዝሚር ላይ ሞታ እዚያው ተቀበረች። ልጇ በኦክቶበር 29 ሪፐብሊክ አወጀ።

ከውሉ ሁለት ወገኖች ተለይተው ቀሩ። የኢስታንቡል ግሪኮች አይነኩም፤ በአንጻሩ የምዕራብ ትሬስ ሙስሊሞች ግሪክ ውስጥ ይቀራሉ። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክም በመንበሩ ይቆያል። አንዱ አናሳ ለሌላው መያዣ ሆኖ ተቀመጠ ብለው ያኔም የተናገሩ ነበሩ፤ ልክ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ደም በኋላ የመጣው እርቅ ዛሬም ማመን ያቅታል። ትንሹን እስያ ለመያዝ ጦር የላከው የግሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሌፍቴሪዮስ ቬኒዜሎስ በኦክቶበር 1930 አንካራ ሄዶ የወዳጅነት ውል ፈረመ። በ1934 መጀመሪያ ደግሞ የትናንት ጠላቱን ሙስጠፋ ከማልን ለኖቤል የሰላም ሽልማት አጨ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቱርክ ምክር ቤት አታቱርክ፣ የቱርኮች አባት፣ የሚለውን ስም ሰጠው። ተሰሎንቄም የድርሻዋን አደረገች። በ1933 የቱርክ ሪፐብሊክ አሥረኛ ዓመት ሲከበር በቤቱ ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተሰቀለ። ቀጥሎ ማዘጋጃ ቤቱ ቤቱን ከባለቤቶቹ ገዝቶ ለቱርክ መንግሥት ሰጠ፤ በ1937 ቁልፉን አስረከበ። በከተማው ምክር ቤት ድምፅ ከሰጡት ሰዎች ስንቱ በዚያ ሰው ጦር ከኢዝሚር የተባረረ ዘመድ እንደ ነበረው ማሰብ ነው። አታቱርክ ስጦታውን ሊያይ አልሄደም። በኖቬምበር 10 ቀን 1938 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ ኢስታንቡል በዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት ሞተ።

በኤፕሪል 1941 ጀርመኖች ተሰሎንቄ ገቡ። ከማርች 1943 ጀምሮ የተሰሎንቄን አይሁድ በባቡር እየጫኑ ወደ አውሽቪትስ ላኩ፤ 46,000 ገደማ። ባቄላ ጠባቂው ልጅ ያደገባት ከተማ እዚህ ላይ አበቃች። ሙስሊሞቿ በውል፣ አይሁዷ በባቡር ሄዱ። ቤቱ ግን የቱርክ መንግሥት ንብረት ነበርና ሳይነካ ቆየ።

ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው በኖቬምበር 10 ቀን 1953፣ የአታቱርክ አስከሬን አንካራ ወደ ተሠራለት ግዙፍ መካነ መቃብር በተዛወረበት ዕለት ነው። የጎደለው የቤት ዕቃ ከቱርክ መጣ፤ ከቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የመጣም ነበረበት።

ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። በኤፕሪል 1955 ኢዮካ የተባለው ድርጅት ቆጵሮስን ከእንግሊዝ አላቅቆ ከግሪክ ለማዋሐድ የትጥቅ ትግል ጀመረ። በኦገስት መጨረሻ እንግሊዝ ግሪክንና ቱርክን ለንደን ላይ ለጉባኤ ጠራች። የቱርክ መንግሥት የሕዝቡ ቁጣ እንዲታይለት ይፈልግ ነበር፤ «ቆጵሮስ የቱርክ ናት» የሚል ማኅበር በየከተማው ቅርንጫፍ እየከፈተ ነበር። ጉባኤው ሳያልቅ፣ ለሴፕቴምበር 6 አጥቢያ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ በተሰሎንቄው ቆንስላ ግቢ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። ሰው አልሞተም። የቆንስላውና የቤቱ መስኮቶች ረገፉ።

ከቀትር በኋላ ወሬው በኢስታንቡል ሬዲዮ ተሰማ። ኢስታንቡል ኤክስፕረስ የሚባል የማታ ጋዜጣ ወዲያው ልዩ እትም አወጣ፤ የአባታችን ቤት በቦምብ ተጎዳ የሚል ርእስ ይዞ። ዘወትር 20,000 ገደማ የሚያትም ጋዜጣ በዚያ ቀን 290,000 ገደማ እንዳተመ ይነገራል። ያን ያህል ወረቀት በአንድ ከሰዓት ከየት ተገኘ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አለ። አዘጋጁ ጎክሺን ሲፓሂኦግሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ሲፓ የተባለውን ስመ ጥር የፎቶ ዜና ድርጅት የመሠረተው ሰው ነው።

አመሻሹ ላይ ታክሲም አደባባይ ሰልፍ ተጠራ። ከሰልፉ ወደ ኢስቲክላል ጎዳና የፈሰሰው ሕዝብ ባዶ እጁን አልነበረም፤ ዲጂኖ፣ ዶማና አካፋ የያዙ፣ በጭነት መኪና ከከተማ ውጭ የመጡ ሰዎች ነበሩበት። የትኛው ሱቅ የግሪክ፣ የትኛው የቱርክ እንደ ሆነ የሚያውቁ መሪዎችም ነበሩት። ጣቃ ጨርቅ፣ ፍሪጅ፣ ፒያኖ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ አይብና የወይራ ዘይት ጎዳናው ላይ ተደባለቀ፤ በማግስቱ የሄደ ሰው በጨርቅ ላይ እየተራመደ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ በሺሽሊና በባሊክሊ መቃብሮች ተቆፍረው አፅም ተበተነ። ፖሊስ ቆሞ ያይ ነበር። በቱርክ ፍርድ ቤት መዝገብ የተጠቃው ቤት፣ ሱቅና ተቋም ከ5,300 ይበልጣል፤ ከዚያ 73ቱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የአርመንና የአይሁድ ንብረትም አልተረፈም። የሟቾቹ ቁጥር በየምንጩ ከ11 እስከ 37 ይለያያል። በር ላይ የቱርክ ባንዲራ ሰቅለው ግሪክ ጎረቤቶቻቸውን ደብቀው ያተረፉ ቱርኮችም ነበሩ፤ ብዙ የተረፈ ሰው የሚመሰክረው ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የጦር ሕግ ታወጀ።

መንግሥት ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ኮሚኒስቶች ናቸው ማለት ነው። በቱርክ አሉ የተባሉ ግራ ዘመም ጸሐፊዎች ታሠሩ፤ ቀልደኛው አዚዝ ኔሲንና ልብ ወለድ ጸሐፊው ከማል ታሂር ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ሰዎቹ ቀድሞም በመንግሥት ጥርስ ውስጥ የገቡ ነበሩ፤ በማስረጃ ዕጦት ወራት ቆይተው ተፈቱ።

ተሰሎንቄ ላይ ግን የግሪክ ፖሊስ ምርመራው ወደ ቆንስላው ወሰደው። ከውጭ የተወረወረ ነገር አልነበረም። የቆንስላው ዘበኛና በተሰሎንቄ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማር፣ የምዕራብ ትሬስ ተወላጅ የሆነ ኦክታይ ኤንጊን የሚባል ወጣት ተያዙ። ኤንጊን በዋስ ሆኖ ሳለ ወደ ቱርክ አመለጠ፤ የግሪክ ፍርድ ቤት በሌለበት ፈረደበት። እሱ እስከ መጨረሻው አላደረግሁም አለ። በቱርክ በመንግሥት ሥራ ላይ አደገና የኔቭሼሂር አውራጃ ገዥ ሆነ። በ1960 የቱርክ ጦር ጠቅላይ ሚኒስትር አድናን ሜንዴሬስን ገልብጦ በያሲአዳ ደሴት ችሎት ሲያቆም የሴፕቴምበሩ ጉዳይ ከክሶቹ አንዱ ነበር። ሜንዴሬስ በሴፕቴምበር 17 ቀን 1961 ተሰቀለ፤ ለስቅላቱ ያበቃው ግን ሌላው ክስ፣ ሕገ መንግሥት መጣስ የተባለው ነው።

የኢስታንቡል ግሪኮች ከዚያ ሌሊት በኋላ ሻንጣ ማሰር ጀመሩ። በ1964 ቆጵሮስ እንደገና ስትታመስ የግሪክ ፓስፖርት የያዙ 12,000 ገደማ ሰዎች ከቱርክ ተባረሩ፤ ሚስትና ልጆቻቸው ተከተሉ። ዛሬ የቀሩት ጥቂት ሺህ ናቸው። መስኮቱ የረገፈው ቤት በጥቂት ቀን ተጠገነ።

በ1981 የአታቱርክ መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበር ቤቱ ታድሶ ሮዝ ቀለሙን ተቀባ። በዚያው ዓመት ቱርኮች ልኩን ወስደው አንካራ ውስጥ፣ አታቱርክ ባቋቋመው የእርሻ ቦታ፣ ግልባጩን አቆሙ። የመሥራቻቸው ቤት በሌላ አገር መሆኑ ያሳሰባቸው ይመስለኛል፤ ግሪክ ክፉ ቀን ቢመጣባት ቢያንስ ቅጂው አለ።

የ1955ቱ ሌሊት በቱርክ ለብዙ ዘመን በይፋ አይነሣም ነበር። ጉዳዩን በወታደራዊ ዳኝነት የመረመረው አድሚራል ፋህሪ ቾከር ፎቶግራፎቹንና ሰነዶቹን ሸሽጎ አቆይቶ፣ ከሞትኩ በኋላ ይውጡ ብሎ ለታሪክ ተቋም አደራ ሰጠ። በ2005፣ በሃምሳኛው ዓመት፣ ኢስታንቡል ውስጥ በኢስቲክላል ጎዳና አጠገብ ለዕይታ ቀረቡ። በመክፈቻው ዕለት ብሔርተኞች ገብተው ፎቶዎቹን ቀደዱ፤ እንቁላል ወረወሩ። አዘጋጆቹ የተቀደዱትን እንደተቀደዱ ትተው ኤግዚቢሽኑን ቀጠሉ።

ተሰሎንቄ በበኩሏ በ2011 ያኒስ ቡታሪስ የሚባል ከንቲባ አገኘች። ወይን ጠማቂ ነበር፤ ክንዱ ላይ ንቅሳት፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያደርግ ነበር። ግሪክ በዕዳ በተጨነቀችበት ዘመን ከተማው የተዋቸውን ሰዎች ልጆች እንግዳ አድርጎ መጥራት ይበጃል አለ። ለአይሁዱም ለቱርኩም በሩን ከፈተ፤ የተጠፋፉበትን ዘመናት ታሪክ በአደባባይ አነሣ። በ2013 የቱርክ መንግሥት ቤቱን አድሶ እንደ አዲስ ከፈተ።

ከዚህ ዕድሳት በኋላ የገባ ጎብኚ ያየው ይህን ነው። መጀመሪያ ከደጅ የግሪክ ፖሊስ አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ የቱርክ መንግሥት ነው። መግቢያው በነጻ ነበር። ግቢው ውስጥ አሊ ሪዛ ተከላት የሚሏት የሮማን ዛፍ አለች። ቤቱ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ ላይኛው ደርቡ ወደ ጎዳናው ወጣ ያለ፣ በዚያ ዘመን ባልካን ውስጥ በየከተማው የነበረ የደህና ኑሮ ሰው ቤት ነው፤ የተለየ ነገር የለውም። ከዕድሳቱ በፊት ክፍሎቹ በሶፋ፣ በምንጣፍና በመዳብ ዕቃ የተሞሉ ነበሩ፤ ከዕድሳቱ በኋላ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ከሕያው ሰው የማይለዩ የአታቱርክና የእናቱ ምስሎች በዙ። ቤቱ ባዶ ሆነ ብለው ያጉረመረሙ ቱርኮች ነበሩ። እኔ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ምስል የትም ይሠራል፣ የመዳብ ድስት ግን ማዕድ ቤት ውስጥ ሲታይ ነው የሚያምረው። ያም ሆኖ ደረጃውን ወጥቶ የተወለደበት ነው የሚባለው ክፍል ደጃፍ ላይ ሲደርስ የሚያለቅስ ጎብኚ አይጠፋም፤ የአያቱ ስም ከዚህች ከተማ የስደተኞች ዝርዝር ውስጥ ያለ ቱርክ ሲሆን ደግሞ ለቅሶው ለአታቱርክ ብቻ አይደለም። ከአጥሩ ውጭ ባሉት ቤቶች የሚኖሩት ብዙዎቹ በተቃራኒው መንገድ የመጡ ስደተኞች የልጅ ልጆች ናቸው።

ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ቀን እዚህ ላይ ይመጣል። ሜይ 19 ለቱርክ የነጻነት ጦርነቱ መነሻና የአታቱርክ ይፋ ልደት ነው፤ የወጣቶች በዓል ሆኖ ይከበራል። ግሪክ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ በዚያው ቀን በጥቁር ባሕር ዳርቻ ያለቁትን የጶንጦስ ግሪኮች ታስባለች፤ የዘር ማጥፋት ብላ ነው የምትጠራው። በሜይ 19 ቀን 2018 ቡታሪስ በነጩ ግንብ አጠገብ በተደረገው የጶንጦሶች መታሰቢያ ላይ ተገኘ። ቱርክ ወዳድ ነህ ያሉት ሰዎች ከበቡት፤ ጠርሙስ ወረወሩበት፤ መሬት ላይ ጥለው ረገጡት። ዕድሜው 75 ነበር። ሆስፒታል ገብቶ ታከመና ወጣ፤ ወደ ቢሮው ተመልሶ የሥራ ዘመኑን በ2019 ጨረሰ።